ቁጥሩ አይዋሽም፤ ቆጣሪውስ?

ሰሞኑን ስለ ሙዚቃ ሽያጭ ደረጃና ስለ ሽልማቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ሦስት ጓደኞቼ ላኩልኝ። ሁለቴ አነበብኩት።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የሽያጭ ቻርት የሕዝብ ድምፅ ነው፤ ቁጥር አይዋሽም። የወርቅና የፕላቲነም ዲስክ ስንት ሰው ከኪሱ አውጥቶ እንደገዛ ይመሰክራል። እንደ ግራሚ ያሉ ሽልማቶች ግን በጥቂት ሰዎች ጓዳ የሚበስሉ ስለሆኑ ከእንግዲህ ቻርቱን ተከትለው ይሰጡ። ስትሪሚንግ (ሙዚቃን በኢንተርኔት በቀጥታ ማዳመጥ) ከመጣ ወዲህ ደግሞ ማጭበርበር ቀርቷል። ማሰሪያቸውም «ቻርት ያልገባ ዘፈን አልተደመጠም» የሚል ነው።

ጸሐፊው ሙዚቃ እንደሚወዱ ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። እኔም በየሳምንቱ ቻርት የምከታተል ሰው ነኝ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ስንት ሳምንት ቆየ እያልኩ ነው ያደግኩት። መልስ የምጽፈውም ቻርት ስለምጠላ አይደለም። የምወደው ነገር ያልሆነውን ነው ሲባል ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቻርት የሕዝብ ድምፅ ነው»

ድምፅ ካለ የሚቆጥረው ሰው አለ። እንዴት እንደሚቆጠር የሚወስንም አለ። መጀመሪያ እነሱን እንያቸው።

የእንግሊዝ የመጀመሪያው የነጠላ ዜማ ቻርት የወጣው ኖቬምበር 14 ቀን 1952 ነው። ያወጣው «ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ» የሚባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ነበር። ሥራውን የጀመረው ፐርሲ ዲኪንስ የተባለ የጋዜጣው የማስታወቂያ ክፍል ሰው ነው። ስልክ ያነሳና አንድ ሙዚቃ ቤት ይደውላል። በሳምንቱ በብዛት የሄዱትን ሸክላዎች ይጠይቃል፤ የነገሩትን ይጽፋል። ከዚያ ወደ ሌላው ቤት ይደውላል። እንዲህ የደወለላቸው 20 ገደማ ቤቶች ናቸው። የሰጡትን ደምሮ 12 ደረጃ አወጣ። እኩል የወጡ ስለነበሩ ግን ዝርዝሩ ላይ የሰፈሩት ዘፈኖች 15 ሆኑ። አንደኛ አል ማርቲኖ ወጣ። የአንድ አገር ብሔራዊ ቻርት እንዲህ ተጀመረ፤ በ20 ስልክ።

ይህን የምለው ሥራውን ለማንኳሰስ አይደለም። በጊዜው ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ግን ያ ዝርዝር የሕዝብ ድምፅ ነበር ወይስ የ20 ሱቅ ወሬ?

የአሜሪካው ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። እስከ 1991 አጋማሽ ድረስ ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ መጽሔት የአልበም ቻርቱን የሚሠራው ሙዚቃ ቤቶች በሚሰጡት ሪፖርት ነበር። ሪፖርቱ ደግሞ በአብዛኛው የሽያጭ ቁጥር አልነበረም። ሻጩ «ይሄ በደንብ ሄዷል፣ ያኛው ቀዝቅዟል» እያለ በግምት የሚሰጠው ደረጃ ነበር። እስቲ ባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ሰው አስቡት። ሳምንቱን ሙሉ ሲሸጥ ከርሞ ስልክ ይደወልለታል። እሱም እንደማንኛችንም የሚወደውና የማይወደው ሙዚቃ አለው። አንዱን አልበም በብዛት አዝዞ መደርደሪያው ላይ ቀርቶበት ሊሆን ይችላል፤ «እየሄደ ነው» ቢል ይጠቅመዋል። የአሳታሚው ሰውም በየጊዜው ብቅ እያለ ወዳጅ ሆኗል። ይህ ሰው ሌባ ላይሆን ይችላል። ግን የሚናገረው ከትዝታውና ከስሜቱ ነው።

ሜይ 25 ቀን 1991 በወጣው ዕትም ቢልቦርድ ሳውንድስካን ወደሚባል የቆጠራ ሥርዓት ተሻገረ። ካሸሩ ባርኮዱን ሲያስነካ ሽያጩ በቀጥታ ይመዘገባል። ግምት ቀረ። ከዚያስ ምን ሆነ? በዓመታት ሁሉ ዳር ይቀመጡ የነበሩት ራፕና ካንትሪ ሽቅብ ተወረወሩ። ኤን ደብልዩ ኤ የተባለው የራፕ ቡድን በሜይ መጨረሻ ያወጣው አልበም በጁን ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንደኛ ወጣ። ሬዲዮዎች ሊያጫውቱት የማይደፍሩት አልበም ነበር። በሴፕቴምበር ደግሞ የካንትሪው ጋርዝ ብሩክስ አዲስ አልበሙ በመጀመሪያ ሳምንቱ አንደኛ ሆኖ ገባ። አንድ የካንትሪ አልበም እንዲህ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

ሕዝቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጣዕሙን ቀየረ እንዴ? አልቀየረም። ራፕ የሚወደው ትናንትም ራፕ ይገዛ ነበር። የተቀየረው ቆጣሪው ነው። ጸሐፊው የሕዝብ ድምፅ የሚሉት ቻርት ያን ሁሉ ዓመት የእነዚህን ሰዎች ድምፅ ሲያንቋሽሽ ኖሯል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ስንት ሙዚቀኛ «አንተ አትሸጥም» ተብሎ ተመልሷል፤ እየሸጠ!

ባርኮድ ከመጣም በኋላ ነገሩ አልተፈታም። ማይክል ጃክሰን ጁን 25 ቀን 2009 አረፈ። ሰው ወደ ሙዚቃ ቤት ጎረፈ። «ነምበር ዋንስ» የተባለው የ2003 ስብስቡ በሳምንት 108 ሺህ ገደማ ተሸጠ። በዚያው ሳምንት በቢልቦርድ ዋና የአልበም ቻርት፣ በቢልቦርድ 200፣ አንደኛ የነበረው የብላክ አይድ ፒስ አልበም የሸጠው 88 ሺህ ገደማ ነው። ታዲያ ማይክል ስንተኛ ወጣ? ዋናው ቻርት ላይ የለም! በወቅቱ የነበረው ደንብ አሮጌ አልበሞችን ከዋናው ቻርት አስወጥቶ ለብቻቸው በተዘጋጀ ዝርዝር ያስቀምጥ ነበር። ዓለም ሁሉ የሚያለቅስለት ሰው፣ በሳምንቱ ከማንም በላይ የተሸጠ አልበም፣ በደንቡ ምክንያት ቻርቱ ላይ አልታየም። ደንቡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተሻረ። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የት እንደሚጻፍ የወሰነው ሌላ ሰው ነው።

አገር ሲቀየርም ሚዛኑ ይቀየራል። የጀርመን ቻርት ከ2007 ጀምሮ ደረጃ የሚያወጣው በተሸጠው ብዛት ሳይሆን በገባው ገንዘብ ነው። ውድ ዕትም ያወጣ ጥቂት ሸጦም ሊቀድም ይችላል። በጃፓን ደግሞ ኤኬቢ48 የተባለው የሴቶች ቡድን ከሲዲው ጋር የምርጫ ካርድ ያወጣ ነበር፤ አድናቂዎች የሚወዷትን የቡድኑን አባል የሚመርጡበት። ብዙ ሲዲ የገዛ ብዙ ጊዜ ይመርጣል። ስለዚህ አንዳንዱ አድናቂ ያንኑ ሲዲ በደርዘን ይገዛ ነበር። በምርጫ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው። በቻርት ግን ሰው የኪሱን ያህል ድምፅ አለው።

«ፕላቲነም ስንት ሰው እንደገዛ ይመሰክራል»

ይህ ነጥብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም።

በአሜሪካ የወርቅ ዲስክ የሚሰጠው የአሳታሚዎች ማኅበር ነው። መስጠት የጀመረው በ1958 ነው፤ የመጀመሪያውን የነጠላ ዜማ ወርቅ ፔሪ ኮሞ ወሰደ። ፕላቲነም በ1976 መጣ፤ ዳይመንድ በ1999። ዛሬ ወርቅ 500 ሺህ፣ ፕላቲነም 1 ሚሊዮን፣ ዳይመንድ 10 ሚሊዮን ነው። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን።

የማይነገረው ግን ይህ ነው። ማኅበሩ በራሱ ተነስቶ «ይህን ያህል ሸጣችሁ» ብሎ አይሰጥም። አሳታሚው ያመለክታል፣ ለማረጋገጫው ይከፍላል፣ ሂሳቡ ይታያል፣ ከዚያ ይሰጣል። ካላመለከተ የለም። ሚሊዮን ሸጦ ግድግዳው ላይ ምንም የሌለው ሙዚቀኛ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ደግሞም ለረጅም ጊዜ የሚቆጠረው ከአሳታሚው መጋዘን ወደ ሱቅ የተላከው ነበር። በ1978 «ኪስ» የተባለው የሮክ ባንድ አራቱ አባላት እያንዳንዳቸው የየግል አልበማቸውን በአንድ ቀን አወጡ። አራቱም ፕላቲነም ተባሉ። ኋላ ግን ከተላከው ብዙው ሳይሸጥ ከየሱቁ ተመለሰ።

አሁን ወደ 2013 እንምጣ። ራፐሩ ጄይዚ አዲስ አልበም ሊያወጣ ነው። ሳምሰንግ አንድ ሚሊዮን ኮፒ ቀድሞ ገዛ፤ በስልኮቹ ለሚጠቀሙ ደንበኞች በነጻ ሊያድል። ጁላይ 4 አልበሙ በስልኮቹ ላይ ወጣ። ማኅበሩ የቆየ ደንቡን አሻሽሎ አልበሙን ወዲያው ፕላቲነም አለው። ቢልቦርድ በበኩሉ ለደንበኛው በነጻ የተሰጠ ነገር ሽያጭ አይባልም ብሎ ከሚሊዮኑ አንዱንም አልቆጠረም። ጁላይ 9 ለሁሉም ከተለቀቀ በኋላ በመጀመሪያ ሳምንቱ በቢልቦርድ ቆጠራ የተሸጠው 528 ሺህ ገደማ ነው።

ልብ በሉ፤ አልበሙ አንድ ነው፣ ሚሊዮኑም ያው ሚሊዮን ነው። አንዱ መዝገብ ፕላቲነም ይለዋል፣ ሌላው ዜሮ። ታዲያ ቁጥር አይዋሽም የሚለው የትኛውን ቁጥር ነው? ሚሊዮን ሰው ከኪሱ አወጣ ካልን ስህተት ነው፤ ያወጣው አንድ ድርጅት ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከቢልቦርድ ጋር ነኝ። አልበሙን የፈለገው ሰው ካልሆነ የገዛው፣ የአድማጭ ፍላጎት ብሎ መመዝገቡ ልክ አይደለም።

ከ2016 ወዲህ ደግሞ ማኅበሩ ለአልበም ሰርተፊኬት ስትሪሚንግንም ይደምራል። 1,500 ጊዜ መደመጥ እንደ አንድ አልበም ይቆጠራል። ዛሬ «ፕላቲነም ሆነ» ሲባል አንድ ሚሊዮን ሰው ገዛ ማለት አይደለም። ብዙ ሽያጭ፣ ብዙ ማውረድ፣ ብዙ መደመጥ በአንድ ቀመር ተቀይጦ ሚሊዮን ሞላ ማለት ነው። ነውር የለበትም። ግን በስሙ እንጥራው።

«ሽልማት ቻርቱን ይከተል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱት ቁስል እውነተኛ ነው። ምሳሌያቸው ዘ ዊኬንድ፣ የእኛው አቤል ተስፋዬ ነው። ስለ እሱ ስጽፍ እኔም ገለልተኛ መሆን አልችልም።

«ብላይንዲንግ ላይትስ» በ2020 የቢልቦርድ የዓመቱ ቀዳሚ ዘፈን ሆነ። ከዚያም በቢልቦርድ የነጠላ ዜማ ቻርት፣ በሆት 100፣ ታሪክ በድምሩ አንድ ዓመት ሙሉ ከአሥሮቹ መካከል የቆየ የመጀመሪያው ዘፈን ሆነ። በጠቅላላው 90 ሳምንት ቻርቱ ላይ ቆየ። በ2021 መጨረሻ ቢልቦርድ ራሱ የሆት 100 የምንጊዜም አንደኛ ብሎ ሰየመው። በኖቬምበር 2020 የግራሚ ዕጩዎች ሲታወቁ ግን ስሙ በአንድም ዘርፍ አልተጠራም። አንድም! ያን ቀን ስልኬ ላይ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ እንዳየሁት አስታውሳለሁ። የተሳሳተ ዝርዝር የከፈትኩ መስሎኝ ነበር። እሱም ወዲያው ሽልማቱን በሙስና ከሰሰ፤ ግልጽነት ጠየቀ። በመጋቢት ከእንግዲህ ሥራዬን ለግራሚ አላቀርብም አለ።

እስቲ ግን ስህተቱ የት እንደነበር እንይ። በብዙ ዘርፎች ግራሚን የሚሰጠው አካዳሚ አባላት ድምፅ ከሰጡ በኋላ ስማቸው የማይታወቅ ጥቂት ባለሙያዎች ኮሚቴ ቁጭ ብሎ የመጨረሻዎቹን ዕጩዎች ይመርጥ ነበር። በሽታው እሱ ነው። መድኃኒቱም የመጣው ከዚያ ነው። በኤፕሪል 2021 አካዳሚው እነዚህን ኮሚቴዎች ከአብዛኞቹ ዘርፎች አስወገደ። አቤልም በፌብሩዋሪ 2025 ወደ ግራሚ መድረክ ተመልሶ ዘፈነ። በሩ ተከፈተ እንጂ ሽልማቱ ለቻርት አልተሰጠም። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው።

ጸሐፊው የሚፈልጉት ዓይነት ሽልማት ደግሞ አለ። በ1990 የተጀመረው የቢልቦርድ ሙዚቃ ሽልማት ዋና መሠረቱ የቻርት ውጤት ነው። በጎ ነው፤ ይሰጥ። ግን ግራሚንም እንደዚያው እናድርገው ማለት አንዱን ሂሳብ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። አንደኛ የወጣውን ሰው አንደኛ ወጣህ ብሎ ለመሸለም ዳኛ ለምን ያስፈልጋል?

ቻርት የማይሰማውም ነገር አለ። ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች በ1989 በአሜሪካ ሦስት ዘፈን አንደኛ አስወጡ። አልበማቸው በሚሊዮን ተሸጠ። በፌብሩዋሪ 1990 የግራሚን የምርጥ አዲስ አርቲስት ሽልማት ወሰዱ። በኖቬምበር ፕሮዲውሰሩ ራሱ ሐቁን አወጣው፤ አልበሙ ላይ የሚሰማው ድምፅ የእነሱ አልነበረም። ግራሚው ተነጠቀ። ቻርቱስ? ሦስቱ አንደኝነት ዛሬም መዝገቡ ላይ አለ። ሊነሳም አይችልም፤ ሰው በእርግጥ ገዝቷልና። ቻርት የሚያውቀው መሸጡን ነው። ማን እንደዘፈነው አይጠይቅም። ዳኞቹ ተታለሉ፣ አፈሩ፣ ግን አረሙ። ዳኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ደስ የሚል ታሪክ ልጨምር። በ2008 የግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ለፒያኒስቱ ለኸርቢ ሃንኮክ ተሰጠ። የጃዝ አልበም ነው፤ ብዙም አልተሸጠም ነበር። ተፎካካሪዎቹ እነ ካንዬ ዌስትና ኤሚ ዋይንሃውስ ነበሩ። ብዙ ሰው ተናደደ። እኔም ለኤሚ ነበር የቆምኩት፤ ዛሬም አልበሟ ይበልጥብኛል። ግን ከሽልማቱ በኋላ የሃንኮክ አልበም ቢልቦርድ 200 ላይ 5ኛ ድረስ ወጣ። በሕይወቱ እዚያ ደርሶ አያውቅም ነበር። ሽልማቱ ቻርቱን ተከትሎ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሰው ወደዚያ አልበም ማን ይመራው ነበር?

«ስትሪሚንግ ማጭበርበርን አስቀረ»

አጭር መልስ አለኝ። አላስቀረም፤ መልኩን ቀየረው። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ዓቃብያነ ሕግ በአንድ ሰው ላይ ክስ መሥርተዋል። ክሱ እንደሚለው በኮምፒውተር የተፈበረኩ ዘፈኖችን በሮቦት አካውንቶች ያለማቋረጥ በማስደመጥ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሮያሊቲ (የባለመብት ክፍያ) ሰብስቧል። የሚያዳምጥ ጆሮ ሳይኖር «ተደመጠ» ተብሎ ተቆጠረ ማለት ነው።

ከማጭበርበር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በሕግ የተፈቀደው ነው። ቢልቦርድ በ2018 ባወጣውና እስከ 2026 መጀመሪያ በሠራበት ቀመር አንድ አልበም እንደተሸጠ ይቆጠር የነበረው በሚከፈልበት አገልግሎት 1,250 ጊዜ ሲደመጥ ነው። ማስታወቂያ እየሰሙ በነጻ ለሚያዳምጡ ግን 3,750 ጊዜ ያስፈልግ ነበር። አካፍሉት። በነጻ የሚያዳምጠው ሰው ጆሮ የከፋዩ ሲሶ ነበር። ወርሃዊ ክፍያ የማይችል ልጅ ዘፈኑን በፍቅር ሦስት ጊዜ ሲሰማ፣ የሚከፍለው አንድ ጊዜ እንደሰማው ይቆጠር ነበር። ቀመሩ የንግድ ምክንያት ነበረው፤ ገቢው የሚመጣው ከከፋዩ ነው። ይገባኛል። ግን ይህን «የሕዝብ ድምፅ» አትበሉብኝ። የልጁ ፍቅር ሲሶ አይደለም።

እንግሊዞችም የተቸገሩበት ነገር አለ። በመጋቢት 2017 ኤድ ሺራን አልበም ሲያወጣ ከ20ዎቹ የነጠላ ዜማ ደረጃዎች 16ቱን ያዘ። ሰው አልበሙን ከፍቶ እስከ መጨረሻ ሲያዳምጥ እያንዳንዱ ዘፈን እንደ ነጠላ ዜማ ተቆጠረ። በዚያው ዓመት ደንብ ወጣ፤ አንድ አርቲስት በአንድ ጊዜ ከሦስት ዘፈን በላይ እንዳይዝ። ውሳኔው ለአዲስ ሙዚቀኞች ቦታ ከፍቷል፤ እደግፈዋለሁ። ግን ይኸው፣ ቁጥሩ የተናገረውን ደንቡ አረመው። ቢልቦርድም በ2020 ቲሸርትና የኮንሰርት ትኬት ሲሸጥ አብሮ የሚሰጥ አልበም እንደ አልበም ሽያጭ መቆጠሩ እንዲቀር ወሰነ። ትኬት ፈልጎ የገዛ ብዙ ሰው ለዓመታት አልበም ገዢ ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

«ቻርት ያልገባ ዘፈን አልተደመጠም»

ጽሑፉ የተዘጋበት መስመር ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝም እሱ ነው።

በ1990ዎቹ የሆት 100 ደንብ አንድ ዘፈን ቻርት እንዲገባ በነጠላ ዜማነት ለገበያ እንዲቀርብ ያስገድድ ነበር። አሳታሚዎች ደግሞ ሰው አንዱን ዘፈን ሲፈልግ አልበሙን በሙሉ እንዲገዛ ስለሚመርጡ ብዙ ጊዜ ነጠላውን ለገበያ አያወጡም። ኖ ዳውት የተባለው የአሜሪካ ባንድ ዘፈን «ዶንት ስፒክ» እንደዚያ ሆነ። ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ሬዲዮዎች ጨዋታ ዝርዝር 16 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። መኪና ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ታክሲ ውስጥ እሱ ነው። በዋናው ቻርት ግን አንድ ሳምንት፣ አንድ ደረጃ እንኳ አልያዘም፤ መቶኛም አልሆነም። ደንቡ የተቀየረው በዲሴምበር 1998 ነው፤ ዘፈኑ ከተዜመና ከተለቀሰበት ከሁለት ዓመት በኋላ።

ጸሐፊው ያን ዓመት የሆት 100 ዝርዝር ገልጠው ቢፈልጉት አያገኙትም። ከዚያ ዝርዝሩን አስቀምጠው በዚያ ዘመን ሬዲዮ ያዳምጥ የነበረ ማንኛውንም ሰው ይጠይቁ። ግጥሙን ሳያስብ ይቀጥልላቸዋል።